የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን፦ የረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይሞች ምህንድስና

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር አይደለም። ፕሮቲን ነው። ሥራው ራሱ ሳያልቅ አንድን ኬሚካዊ ለውጥ ማፋጠን ነው። አንዱ ፕሮቲን ይቆርጣል፤ ፕሮቲዬዝ ይባላል። ስታርች የሚቆርጠው አሚሌዝ፣ ቅባት የሚቆርጠው ላይፔዝ፣ የጥጥን ቃጫ የሚነካው ሴሉሌዝ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያወራው ከባክቴሪያና ከሻጋታ ተወስደው ለልብስ ማጠቢያና ለሌሎች ኢንዱስትሪዎች እንዲመቹ ስለተለወጡት ነው። በአማርኛ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሲለስና የማጠቢያው ውሃ

ባሲለስ አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። አፍ የለውም። ትልቅ የፕሮቲን ቁራጭ ቢያገኝ መዋጥ አይችልም። ስለዚህ መቁረጫውን ወደ ውጭ ይተፋል፤ ምግቡ ውጭ ተቆራርጦ ሲያልቅ ትንንሾቹን ቁርጥራጮች ወደ ውስጥ ይስባል። ለፋብሪካ ከዚህ የተሻለ ጠባይ የለም። ኢንዛይሙ የሚገኘው ፈሳሹ ውስጥ ስለሆነ ሴሉን መስበር አያስፈልግም። ሻጋታዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለ ባዮቴክኖሎጂ ሲወራ ኢ. ኮላይ የተባለው የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ፊት ይቀመጣል፤ ልብስ በማጠብ በኩል ግን የሠራው ባሲለስ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል።

ችግሩ የማጠቢያ ውሃ እንደ አፈር አለመሆኑ ነው። ውሃው አልካላይ ነው፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፤ በዱቄት ሳሙና ፒኤች መጠኑ ብዙ ጊዜ 10 አካባቢ ይደርሳል። ሰርፋክታንቱ፣ ማለትም አረፋ የሚሠራው ንጥረ ነገር፣ የፕሮቲንን ቅርጽ ይፈታታል። እድፍ የሚያነጣው ፐርኦክሳይድ ፕሮቲኑ የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ያበላሻል። ውሃውን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ካልሲየም ሲለቅም ኢንዛይሙን ቀጥ አድርጎ የያዘውን ካልሲየምም አብሮ ይነጥቀዋል። ሙቀት አለ። ፈሳሽ ሳሙና ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፕሮቲዬዙ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ወር ሲጠብቅ አጠገቡ ያሉትን ኢንዛይሞች ይበላል። እነሱ ካለቁ የራሱን ዓይነት ይበላል።

የዚህ መስክ ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ለአፈር የተሠራን ነገር ለዚህ ሁሉ መከራ ማላመድ።

ከምህንድስናው በፊት

በ1833 ፈረንሳዮቹ ፓየንና ፐርሶ ከብቅል ስታርች የሚያፈርስ ነገር ለዩ። «ኢንዛይም» የሚለውን ስም ያወጣው ጀርመናዊው ኩህነ ሲሆን ዓመቱ 1878 ነው። በ1894 ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ ከአስፐርጂለስ ሻጋታ ያገኘውን አሚሌዝ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አስደረገ። በ1897 ቡክነር ሕያው ሴል በሌለበት ስኳር መፍላት እንደሚችል አሳየ፤ በ1907 ኖቤል አገኘበት።

ወደ ልብስ ያመጣው ግን ኦቶ ሮም ነው። ጀርመናዊ ኬሚስት ነበር። መጀመሪያ የሠራው ለቆዳ ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን ቆዳ ለማለስለስ የውሻና የወፍ ኩስ ይጠቀሙ ነበር፤ ሽታውን አስቡት። ሮም ኩሱን በእንስሳት ቆሽት (ፓንክሪያስ) ኢንዛይም ተካው። ከዚያ በ1913 ያንኑ ኢንዛይም ለልብስ ማጠቢያ ፓተንት አስደረገ። «ቡርኑስ» በሚል ስም ገበያ ወጣ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ኢንዛይሙ ግን ለአንጀት እንጂ ለሳሙና የተሠራ አልነበረም፤ አልካላዩን አልቻለውም።

መልሱ የመጣው ከባክቴሪያ ነው። በ1947 የኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ሊንደርስትሮም ላንግና ኦተሰን፣ ከባሲለስ የተገኘ ጠንካራ ፕሮቲዬዝ ገለጹ። ይህ ዓይነት ኢንዛይም በኋላ ሰብቲሊሲን ተባለ። የባክቴሪያ ፕሮቲዬዝ ያለበት የመጀመሪያው ማጠቢያ በ1959 ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣው «ባዮ 40» እንደሆነ በብዛት ይጻፋል። ሰፊውን ገበያ የከፈተው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዴንማርኩ ኩባንያ ኖቮ ያወጣው አልካሌዝ የተባለ ፕሮቲዬዝ ነው።

ከዚያ ገበያው ፈነዳ። ወዲያውም ተደናቀፈ። ኢንዛይሙ ደቃቅ ብናኝ ነበር። በ1969 እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞች የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አስም አገኙ። ሠራተኞቹ ብናኙን ሲተነፍሱ አለርጂ ይይዛቸው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሸማቹ ደነገጠና አምራቾች ኢንዛይሙን ከብዙ ምርቶቻቸው አወጡት። የዳነው በቀላል ዘዴ ነው። ኢንዛይሙን በሰም መሰል ነገር ሸፍነው የማይበን ፍሬ አደረጉት። ዛሬ ዱቄቱ ውስጥ የሚታዩት ትንንሽ ባለቀለም ፍሬዎች ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመን ትምህርት ውጤት ናቸው። የፋብሪካው ሠራተኛ አደጋ እውነት ነበር፤ ዛሬም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቤቱ ልብስ የሚያጥብ ሰው ላይ ያን ያህል ጉዳት አልታየም። «ኢንዛይም ቆዳ ይበላል» የሚለው ወሬ ግን እስካሁን አልሞተም።

ሜቲዮኒን 222

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን። ረዘም ካደረግሁት ይቅርታ።

ሰብቲሊሲን 275 ገደማ አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ይሆናል። ፕሮቲን የሚቆርጠው ቦታ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶች ተባብረው ይሠራሉ። በተራ ቁጥራቸው አስፓርቴት 32፣ ሂስቲዲን 64 እና ሴሪን 221 ናቸው። ምላጩ ሴሪን ነው። ከእሱ ቀጥሎ በ222ኛው ቦታ ሜቲዮኒን ተቀምጧል። ሜቲዮኒን ሰልፈር አለው። ፐርኦክሳይድ ያንን ሰልፈር ሲያገኝ ኦክስጅን ይለጥፍበታል። ያ ጉብታ ምላጩ ሥር ሲወጣ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። የሚያነጣ ሳሙናና ፕሮቲዬዝ አብረው አይኖሩም ይባል የነበረው በዚህች አንድ አተም ምክንያት ነው።

በ1978 ማይክል ስሚዝና ባልደረቦቹ በዘረ-መል ላይ አንዷን ፊደል መርጦ የመቀየር ዘዴ አሳዩ። ስሚዝ በ1993 ኖቤል የተካፈለው በዚህ ነው። ዘዴው እጅ ሲገባ ሰብቲሊሲን የመጀመሪያዎቹ መለማመጃዎች መካከል ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅርጹ በኤክስሬይ ታውቋል፤ በብዛት ይመረታል፤ ገንዘብም አለበት።

በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤስቴል፣ ግሬካርና ዌልስ ጀነንኮርና ጀነንቴክ በተባሉ ኩባንያዎች የተሠራ ሥራ አሳተሙ። ያደረጉት ነገር ሲያስቡት ቀላል ነው። 222ኛውን ሜቲዮኒን አውጥተው በቦታው የቀሩትን 19 አሚኖ አሲዶች ተራ በተራ አስገቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ነከሩት። ሲስቴይን የገባበት ከተፈጥሮው ይልቅ ፈጣን ሆነ፤ እሱም ሰልፈር ስላለው ግን ፐርኦክሳይዱን አልቻለም። አላኒን፣ ሴሪንና ሉሲን የገቡባቸው ፐርኦክሳይዱን ቻሉ፤ በፍጥነት ግን ከተፈጥሮው አነሱ። ስለዚህ ስጦታው በነፃ አልመጣም። ቀስ ብሎ ግን እስከ መጨረሻው የሚቆርጥ ምላጭ፣ ፈጥኖ ከሚሰበር ይሻላል።

ኖቮም በዚያው ዘመን ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበር። የሁለቱ ፉክክር በኢንዛይም ፓተንት እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማን በየትኛው ቦታ ቀደመ የሚለውን ለጠበቆቹ እተወዋለሁ።

ያው ሐሳብ ወደ አሚሌዝ ተሻገረ። የባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ አሚሌዝ 197ኛው ቦታ ላይ ተመሳሳይ ደካማ ሜቲዮኒን አለው። እሱን በሉሲን ሲቀይሩት ኢንዛይሙ የሚያነጣውን ሳሙና ቻለ። የካልሲየሙን ጉዳይ ደግሞ ፊሊፕ ብራያንና ባልደረቦቹ በድፍረት ፈቱት። ካልሲየም የሚይዘውን ቀለበት፣ ከ75 እስከ 83 ያለውን፣ ቆርጠው ጣሉት። ኢንዛይሙ መጀመሪያ ተዝለፈለፈ። ከዚያ ሌሎች ቦታዎች ላይ የሚደግፉትን ለውጦች ፈልገው መልሰው አቆሙት።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የትኛውን ቦታ መንካት እንዳለብህ ማወቅ። ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ፍራንሲስ አርኖልድ «ካላወቅን ለምን ተፈጥሮ እንዳደረገችው አናደርግም?» ወደሚል መንገድ ሄደች። ዘረ-መሉን ሆን ብሎ በስህተት መቅዳት፣ የተሻለውን መምረጥ፣ እንደገና ማሳሳት፣ እንደገና መምረጥ። በ1993 ከቼን ጋር ያሳተመችው ሥራ የተሠራው በሰብቲሊሲን ላይ ነው። 60 በመቶው ዳይመቲልፎርማማይድ የተባለ አሟሚ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ፣ የተፈጥሮው ኢንዛይም በጭንቅ በሚሠራበት፣ ከእሱ 256 እጥፍ የሚበልጥ አወጡ። በ1994 ዊለም ስቴመር የአንድ ዘረ-መል የተለያዩ ቅጂዎችን ቆራርጦ እንደ ካርታ መበወዝን ጨመረበት። አርኖልድ በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤልን ግማሹን ወሰደች። የልብስ ማጠቢያ ፕሮቲን እስከ ስቶክሆልም ደረሰ ማለት ነው።

ቅባቱና ቃጫው

ላይፔዝ ሌላ ችግር ነበረበት። ጥሩ ላይፔዝ የነበረው ሂውሚኮላ የሚባል ሻጋታ የሚሰጠው መጠን ለፋብሪካ አይበቃም ነበር። ኖቮ ዘረ-መሉን ወስዶ ወደ አስፐርጂለስ ኦራይዜ አስገባው። ይህ ሻጋታ ጃፓን ውስጥ ለዘመናት ምግብ ሲያብላላ የኖረ ነው። ላይፖሌዝ የተባለው ምርት በ1988 ወጣ። ዘረ-መሉ ወደ ሌላ ተሕዋስ ተዛውሮ በመመረት ገበያ የደረሰ የመጀመሪያው የማጠቢያ ኢንዛይም እሱ ነው።

ጠባዩ ይገርማል። ውሃው ውስጥ ሳለ ብዙም አይሠራም። ልብሱ ሊደርቅ ሲል፣ ገና ረጠብ ብሎ ሳለ፣ ቅባቱን በደንብ ይቆርጣል። የተቆረጠው የሚወጣው በሚቀጥለው እጥበት ነው። ስለዚህ ውጤቱ የሚታየው ከተደጋጋሚ እጥበት በኋላ ነበር። በመጀመሪያው እጥበት የሚሠራ ላይፔዝ በኋላ ተሠራ። እሱም የራሱን ጣጣ አመጣ፤ የወተት ቅባት ሲቆርጥ የሚለቀው አሲድ የተበላሸ ቅቤ ይሸታል። መሐንዲሶቹ ከሽታው ጋር ሌላ ትግል ገጠሙ።

ሴሉሌዝ እድፉን ሳይሆን ጨርቁን ይነካል። የጥጡን ለስላሳ ክፍልና የተነሳውን ጸጉር ይላጫል፤ ቀለሙም ይደምቃል። ጃፓናዊው ኮኪ ሆሪኮሺ አልካላይ የሚወዱ ባክቴሪያዎችን ማጥናቱ ለዚህ መንገድ ጠርጓል። የጃፓኑ ኩባንያ ካኦ በ1987 «አታክ» የተባለውን እፍግ ዱቄት ሲያወጣ አልካላይ የሚችል ሴሉሌዝ ነበረበት።

ከማጠቢያው ውጪ

ስታርችን ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዱስትሪ ምናልባት ትልቁ ተጠቃሚ ነው። ከ100 ዲግሪ በላይ የሚሠራ የባክቴሪያ አሚሌዝ በ1970ዎቹ መምጣቱ ስታርችን በአሲድ መቀቀልን አስቀረ።

ለጂንስ ማደብዘዣ የሚያገለግለው ሴሉሌዝ የመጣው ትራይኮደርማ ከሚባል ሻጋታ ነው። የዘር ግንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር ሸራ ላይ የተገኘ ነው። ሻጋታው የሠራዊቱን ሸራ እየበላ አስቸግሮ ነበር። ዛሬ ሱሪ እያሳመረ ይኖራል። ድንጋይ አፍሶ ጂንስ ከመፈግፈግ የተሻለ ነው።

አይብ ለማርጋት ከጥጃ ሆድ ይወጣ የነበረው ካይሞሲን ከ1990 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ዘረ-መሉን በተቀበሉ ተሕዋስያን መመረት ተፈቅዶለታል። የእንስሳት መኖ ውስጥ በእህሉ የተቆለፈውን ፎስፈረስ የሚፈታ ፋይቴዝ ይገባል። በ2010 ሜርክና ኮዴክሲስ የተባሉ ኩባንያዎች ሲታግሊፕቲን ለተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚሆን ኢንዛይም አሳተሙ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚበላውን ባክቴሪያ በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች ገለጹ። በ2020 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ የካርቢዮስ ኩባንያና የቱሉዝ ሰዎች ያሻሻሉት ሌላ ኢንዛይም የፕላስቲኩን 90 በመቶ በ10 ሰዓት ሲያፈርስ አሳዩ።

አመራረቱና የቀዝቃዛ ውሃው ክርክር

ኢንዛይሙ የሚመረተው በመቶ ሺህ ሊትር በሚለኩ የማብላያ ጋኖች ነው። ተሕዋሱ ስኳርና ናይትሮጅን ይበላል፤ አየር ይነፋበታል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈሳሹ ተጣርቶ ይወፍራል። ዘረ-መሉ የተለወጠው ተሕዋስ ጋኑ ውስጥ ይቀራል፤ ሳሙናው ውስጥ የሚገባው ፕሮቲኑ ነው።

ማጠቢያ ማሽን ከሚበላው ጉልበት ብዙው ውሃ ለማሞቅ ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬው ሩጫ በ30 እና በ20 ዲግሪ የሚሠራ ኢንዛይም ማውጣት ነው። አምራቾች 60 ዲግሪ ታሪክ ሆኗል ይላሉ። ለእድፍ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለጀርም ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሙቁን እንደማይተካ የሚከራከሩ አሉ። ኢንዛይም እድፍ ይቆርጣል እንጂ ባክቴሪያ እንዲገድል ተብሎ አልገባም።

የ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል በኮምፒውተር ፕሮቲን ለነደፉትና ቅርጹን ለተነበዩት ከተሰጠ ወዲህ፣ ማሽኑ አዲስ ኢንዛይም በቀን ሺህ ቢያወጣ አይገርምም። ላቦራቶሪ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ፈተና ይጠብቃቸዋል፦ በደም፣ በወተትና በቀለም የቆሸሸ ትንሽ የጥጥ ቁራጭ። ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ይለካል።