ጨለለቃ፦ ከሐዋሳ ሐይቅ ጀርባ ያለው ረግረግ

ጨለለቃ ከሐዋሳ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ሲዳማና ምዕራብ አርሲ በሚዋሰኑበት ሜዳ የተዘረጋ ረግረግ ነው፤ ሻሎ የሚሉትም አሉ። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች እዚህ ይተኙና በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ሌላ ገባር የለውም። ሐዋሳን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ግን የጥቁር ውኃን ድልድይ ተሻግሮ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ዳር ነው የሚሄደው።

ጨለለቃ ራሱ ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገላጣ ውኃ ነበረው። በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ሲታረስ ጎርፍ ያመጣው ደለል ሞላው፤ ገባሮቹም ለመስኖ ተጠለፉ። ዛሬ በአብዛኛው ቄጠማ፣ ፊላና ጭቃ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ውኃ የጠጣ አፈር አየር ስለማያገኝ የሞተ ሥርና ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል። ፊላው ደግሞ የወንዙን ጉልበት ይሰብራል፤ ውኃው ሲረጋ ደለሉ ይዘቅጣል። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ያ ደለል፣ ከፋብሪካዎች የሚወጣውም ፍሳሽ፣ ማጣሪያ ሳያገኝ ሐይቁ ይደርሳል። ነገሩን የሚያከብደው የሐይቁ ተፈጥሮ ነው፦ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት፣ በጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ፣ በላዩ ግን አንድም መውጫ ወንዝ የለውም። ውኃው በምድር ውስጥ ቢሰርግም ደለሉ አብሮት አይሄድም።

በበጋ ሌላው ግጦሽ ሲደርቅ የአካባቢው ከብት እዚህ ይሰማራል፤ ጥጋጥጉም ይታረሳል። የበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ እስር በእስር የሚሸጠው፣ ቡና ሲፈላ ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማም የረግረግ ምርት ነው። ማጨድ በራሱ አይጎዳም፣ መልሶ ይበቅላል፤ የሚጎዳው ቦይ ቀዶ ማጠንፈፍ ነው።

ዓሣውም የሣር ጥገኛ ነው። የሐይቁ ዋና ምርት የሆነው ቆሮሶ የሚራባው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ በጠዋት ቢላዋው ሲሠራ፣ አጥንቱና ሆድቃው አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ሲወረወር የሚታየው ይኸው ቆሮሶ ነው፤ ጥሬውን በአዋዜ የሚወድም ብዙ ነው። አምባዛና ቢልጫ የሚባሉት ዓሦች በምርት ከእሱ ኋላ ይመጣሉ።