የ48 ሰዓት ገደብ ምንድን ነው? ምልምል ፖሊስስ እንዴት ይማረው?

በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መብቱ የሰፈረው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(3) ነው። ከቆጠራው የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። አንቀጹን በቃል መውጣት ቀላል ነው፤ ስህተቱ ያለው ሰዓቱ ሲቆጠር ነው። በመሠረታዊ ሥልጠና ትምህርቱ በሒሳብ ቢጀመር ይሻላል።

ተጠርጣሪው ዓርብ ከቀኑ 10፡30 ገበያ ውስጥ ተያዘ እንበል። ቀበሌ ሲጠየቅ ቆይቶ ጣቢያ የተመዘገበው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ፍርድ ቤቱ ከገበያው በመኪና ግማሽ ሰዓት ይርቃል። ገደቡ መቼ ያበቃል? የተለመዱት የተሳሳቱ መልሶች ሁለት ናቸው፦ «እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት» እና «ሰኞ ችሎት ሲከፈት»። ትክክለኛው እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ሰውየው እንዳይሄድ ከተከለከለበት ደቂቃ እንጂ ስሙ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ቅዳሜና እሑድንም አልቀነሰም፤ ስለዚህ ተረኛ ችሎት መኖሩ ዓርብ ማታውኑ ይጣራል። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ በእግሩ መጥቶ እንዳይወጣ የተከለከለ ሰውም ሰዓቱ እየተቆጠረለት ነው።

አሰልጣኞች ብዙም የማያነሱት ወጥመድ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 29 ያንኑ 48 ሰዓት ያስቀምጥና የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው ካልፈቀደ ቆየት ብሎ ማቅረብን ይፈቅዳል። «መኪና አልነበረም» የሚለው ሰበብ መጠጊያ የሚያገኘው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ስለሆነ ግን የሚሠራው ጠበብ ያለው የመንገድ ጊዜ ነው።

ደግሞም 48ቱ ሰዓት ለፖሊስ የተሰጠ የምርመራ ጊዜ አይደለም። ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለገ ዳኛው ፊት ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ይህን ያልተረዳ መርማሪ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ተጠርጣሪውን እንዲያምን ማስጨነቅ ይጀምራል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ማስረጃ አይሆንም፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ለልምምድ አንድ ባዶ ቅጽ ይበቃል፦ የተያዘበት ቦታ፣ ሰዓትና ደቂቃ፣ ምክንያቱ በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረው፣ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት፣ ገደቡ የሚያበቃበት ሰዓት። የመጨረሻው የሚሞላው ሰውየው በተያዘበት ቅጽበት ነው። በኋላ የሚሞላ ከሆነ ሁልጊዜ «ልክ» ሆኖ ይገኛል።