ስለ ፌስታል የምንለውና እውነታው

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚለው አለው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት እየመረጡ ይከራከራሉ፣ ባጃጅ ውስጥ ተጣበውም ይከራከራሉ። ክርክሩ ደስ ይለኛል። ግን ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች አንዳንዶቹ ልክ አይደሉም። ዝም ብለን ከተቀበልናቸው ኪሳችንንም ሐይቃችንንም ይጎዳሉ።

«ሕጉ ፋብሪካን ነው የሚይዘው፣ እኛን አይመለከትም»

ይህ ከድሮው ሕግ የቀረ ሐሳብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ትኩረቱ አምራቹና አስመጪው ላይ ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን ተጠቃሚውንም ይነካል። ሲጠቀም ለተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል።

«ከሱፐርማርኬት የገዛሁት የጨርቅ ነው፣ እኔ ተገላግያለሁ»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም እንበል። ያ ሲነኩት ጨርቅ የሚመስለው፣ የሱቅ ስም የታተመበት ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። አስጠግታችሁ እዩት። የተሸመነ ክር የለውም። ቀጫጭን የፕላስቲክ ጭረቶች በሙቀት ተጨፍልቀው ነው የተያያዙት። ትንንሽ ነጠብጣብ የሚታይበትም ለዚህ ነው።

እንዲህ ስላልኩ ግን አትጣሉት። ዋጋው ያለው ስንት ጊዜ እንደያዛችሁት ላይ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት፣ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ጊዜ ተይዞ ከሚጣል ስስ ፌስታል እንዲያንስ፣ የወረቀት ከረጢት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ የፖሊፕሮፒሊኑ 11 ጊዜ፣ የጥጡ ደግሞ 131 ጊዜ መያዝ አለባቸው። ጥጥ ማምረት ብዙ ውኃና ማዳበሪያ ይፈጃል። ጥናቱ የቱቦ መዘጋትንና የከብት ሞትን አልቆጠረም። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል፦ በየሳምንቱ አዲስ «የጨርቅ» ከረጢት የሚገዛ ሰው ምንም አልቀነሰም። እንግሊዝ ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ለስሱ ፌስታል 5 ፔኒ መክፈል ግዴታ ሲሆን፣ የስሱ ቁጥር በጣም ቀነሰ። ብዙ ሰው ግን ወፍራሙን በየጊዜው እየገዛ መጣል ጀመረ።

ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ቁጠሩ። ዘንቢሉን ከበሩ ጀርባ ስቀሉት። አንዷን አጣጥፋችሁ የእጅ ቦርሳችሁ ውስጥ አኑሩ፤ ከሥራ ወደ ቤት ስትመለሱ ድንገት ቲማቲም መግዛታችሁ አይቀርም።

«ለከረጢት የሚያስከፍሉን ሊያተርፉብን ነው»

የነጻ ፌስታል ኖሮ አያውቅም። ባለሱቁ በገንዘቡ ነው የሚገዛው፣ ዋጋውንም ስኳሩና ዘይቱ ላይ ይጨምረዋል። ለብቻው ሲከፈል ግን ሰው ያስባል። አየርላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. በአንድ ፌስታል 15 ሳንቲም ዩሮ ስታስከፍል፣ በነፍስ ወከፍ በዓመት 328 ገደማ የነበረው ፍጆታ ወደ 21 ወረደ።

«ያለ ፌስታል ዓሣ እንዴት ይያዛል?»

ይህን የሚሉት ሰዎች እውነተኛ ችግር ነው ያነሱት። ቀረሶውም አምባዛውም ውኃ ያንጠባጥባል፣ ይሸታል፣ በወረቀት አይጠቀለልም። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም፤ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም ጎድጓዳ ዕቃ ነው። ፕላስቲክ ቢሆንም ግድ የለም፣ ዓመታት የሚያገለግል እስከሆነ ድረስ። ባዶውን ዕቃ መጀመሪያ አስመዝኑ፤ አለበለዚያ የባልዲውን ክብደት በዓሣ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ቤት ስትደርሱ ቶሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ሎሚም እሹበት። ለዓሣና ለሥጋ የያዛችሁትን ዕቃ ለሰላጣና ለፍራፍሬ አትጠቀሙበት፤ ይህን ለጤናችሁ ብዬ ነው አጥብቄ የምለው።

«ይበሰብሳል ተብሎ ተጽፎበታል»

ጽሑፉን አትመኑ። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ «ይበሰብሳል» የተባለ ከረጢት 3 ዓመት አፈር ውስጥና ባሕር ውስጥ ቆይቶ አሁንም የገበያ ዕቃ መሸከም ችሏል።

«ካቃጠሉት ያልቃል»

ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የሚጠቀሙ ቤቶች ብዙ ናቸው። ጭሱ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ረቂቅ ጥላሸት አለው። ከሌላ የፕላስቲክ ዓይነት ጋር ተቀላቅሎ ሲነድ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ሊወጣ ይችላል። ጭሱን በቅርብ የምትተነፍሰው ማንደጃው ላይ ያጎነበሰችው እናትና አጠገቧ የሚጫወተው ልጅ ናቸው። ደረቅ ጭራሮ ወይም ወረቀት ይበቃል።

«ጣናን የጎዳው እምቦጭ ነው፣ ፌስታል ምን ያደርጋል?»

እምቦጭ ከባድ ችግር መሆኑን ማንም አይክድም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተለይ የሐይቁን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ አስጨንቋል። ግን አንዱ ችግር ሌላውን አይሰርዘውም። ባሕር ዳር ያለችው በደቡብ በኩል ነው፣ ዓባይም ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ነው። ዝናብ ከየሰፈሩ ያጠበው ፌስታል በቱቦ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጣና ደግሞ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ፌስታሉ ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል እንጂ አይጠፋም። ቁርጥራጩን ዓሣ ይበላዋል። በዝዋይ ሐይቅ በተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል።

«የሚጎዳው ድሃው ነው»

ይህኛውን ሙሉ በሙሉ ስህተት አልለውም። ሩብ ኪሎ ቲማቲም ለምትሸጥ የጉሊት ነጋዴ ፌስታል ማጣት ደንበኛ ማጣት ሊሆንባት ይችላል። ስህተቱ «ስለዚህ ይቅር» ማለቱ ላይ ነው። ቱቦ ተዘግቶ ጎርፍ ሲገባ ቀድሞ የሚረጥበው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለው የድሃ ቤት ነው። ፌስታል የዋጠ ላምም ጨጓራዋ ተዘግቶ ስትሞት፣ ባለቤቷ ያለው ሀብት እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ቁጥጥሩ ከጉሊት ይልቅ ከአምራቹና ከአከፋፋዩ ቢጀምር ፍትሐዊ ይሆናል። እስከዚያው እኛ ገዢዎች ዕቃ ይዘን ብንሄድ ነጋዴዋ ፌስታል ፍለጋ አትወጣም። ከባዶ ማዳበሪያ መያዣ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችም በየሰፈሩ አሉ፤ አንዷ ከረጢት ድንች ተሸክማ ዓመታት ትቆያለች።