የወንጀልና የቅጣት ኢኮኖሚክስ

የወንጀልና የቅጣት ኢኮኖሚክስ የወንጀል ሕግን በወጪና ጥቅም ስሌት የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። በዘርፉ አስተሳሰብ መሠረት ሕግ ለመጣስ የሚያስብ ሰው የሚያገኘውን ጥቅም ከቅጣቱ ክብደትና ከመያዝ ዕድሉ ጋር ያመዛዝናል።

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764፣ ቀጥሎም እንግሊዛዊው ጀርሚ ቤንታም ተቀራራቢ ሐሳብ ጽፈው ነበር። ዘርፉን በሒሳብ ያቆመው ግን አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ቤከር ያኔ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ 50 ብር፣ ሳይከፍሉ የማቆም መቀጮ ደግሞ 500 ብር ነው እንበል። ሳይከፍል የሚያቆም ሰው ከ20 ጊዜ አንዴ ብቻ የሚያዝ ከሆነ በአማካይ የሚጠብቀው ቅጣት 25 ብር ነው፤ ስለዚህ አለመክፈል ያዋጣዋል። እንዲከፍል ለማድረግ ወይ መቀጮው ከ1,000 ብር በላይ መሆን፣ ወይ የመያዝ ዕድሉ ከ10 አንድ ማለፍ አለበት። ተቆጣጣሪ መጨመር ደመወዝ ይጠይቃል፤ መቀጮ መጨመር ግን ወረቀት ላይ ቁጥር መቀየር ነው። ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው።

ይህ ርካሽ መንገድ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። መክፈል የማይችል ሰው የመቀጮው መጠን አያስፈራውም፤ መጨረሻው እስር ቤት ሲሆን ወጪው ወደ መንግሥት ይዞራል። መቀጮው 5,000 ብር ሲደርስ ለተቆጣጣሪው 500 ብር ማቀበል ለሁለቱም ያዋጣል፤ ቅጣቱ የጉቦ ዋጋ ሆኖ ያርፋል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1970 ያነሳው ሌላ ችግርም አለ፦ ዘራፊና ነፍሰ ገዳይ እኩል ከተቀጡ፣ ዘራፊው ምስክሩን ከመግደል የሚያግደው ነገር የለም።

ከቅጣት ክብደት ይልቅ የመያዝ ዕድል ይበልጥ እንደሚገታ የሚያመለክት ማስረጃ በርካታ ነው። በቦነስ አይረስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1994 በአይሁድ ማዕከል ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ በከተማዋ የአይሁድ ተቋማት ሁሉ ደጃፍ ፖሊስ ቆመ። ጥበቃው ከመኪና ስርቆት ጋር ግንኙነት ስላልነበረው ለተመራማሪዎች ጥሩ ፈተና ሆነ፦ ፖሊስ በቆመባቸው መንገዶች የመኪና ስርቆት በ75 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ አንድና ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ግን ለውጥ አልታየም።

ስሌቱን የሚፈታተን ውጤት የመጣው ከእስራኤሏ ከተማ ሃይፋ ነው። በ10 የሕፃናት ማቆያዎች በተደረገ ሙከራ፣ በ6ቱ ከ10 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ልጁን የሚወስድ ወላጅ 10 ሸቀል እንዲከፍል ተደረገ። የሚዘገዩት እጥፍ ገደማ ሆኑ፤ መቀጮው ከተነሳ በኋላም አልቀነሱም። ወላጆች መቀጮውን እንደ አገልግሎት ክፍያ ቆጥረውታል የሚለው ትርጓሜ ሰፊ ተቀባይነት አለው። መቀጮው በጣም አነስተኛ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ።

የሞት ቅጣት ግድያን ይገታል ወይ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። የኢኮኖሚ ባለሙያው አይዛክ ኧርሊክ እ.ኤ.አ. በ1975 ይገታል ብሎ ነበር፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 እነዚህን ጥናቶች ለፖሊሲ መጠቀም እንደማይገባ ደምድሟል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 90 በልዩ ሁኔታ ካልተደነገገ በስተቀር መቀጮ ለግለሰብ ከ10 እስከ 10,000 ብር፣ በሕግ የሰውነት መብት ለተሰጠው ድርጅት ከ100 እስከ 500,000 ብር እንዲሆን ይደነግጋል። ሕጉ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል 10,000 ብር ከ1,100 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ ግን ያው 10,000 ብር 100 ዶላር እንኳ መሙላት አቃተው። ምክር ቤት ሳይሰበሰብ ጣሪያው ከአሥር እጅ ወደ አንድ ወረደ ማለት ነው።

ለዚህ የሚቀርበው መፍትሔ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1921 የጀመረችው የቀን ገቢ መቀጮ ነው። ዳኛው ብር ሳይሆን የቀን ብዛት ይወስናል፤ ከዚያ ከተቀጪው የቀን ገቢ ተነሥቶ በሚሰላ መጠን ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በፊንላንድ የኦላንድ ደሴቶች አንድ ባለሀብት ከፍጥነት ወሰን በላይ በማሽከርከሩ 121,000 ዩሮ ተቀጥቷል። ዘዴው የሚሠራው ግን የእያንዳንዱ ሰው ገቢ በግብር መዝገብ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚነግድ ሰው በዝቅተኛው ተመን ተቀጥቶ ይወጣል።