የኢንቨስትመንት ፈቃድ ዛፍ ያስቆርጣል?

ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ መሬት ለልማት በተሰጠ ቁጥር የማይጠፋ ክርክር አለ፤ «ካርታውም ፈቃዱም በእጄ ነው፣ ጽዱን ብቆርጥ ማንን ያገባዋል?» የሚል። ሕጉን ያገባዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ፣ ማለትም በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ የሚታይበት ጥናት፣ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከፌዴራሉ ወይም ከክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ይሁንታው መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ጎጆ ለሚቀልስ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ግዴታው በፕሮጀክቱ ዓይነትና መጠን ይለያያል።

ብዙዎችን የሚያምታታው ግን የጥናቱ «ጉዳት ማቃለያ» የሚባለው፣ ጉዳቱ እንዴት እንደሚቃለል የሚገልጸው ክፍል ነው። «መቶ ቆርጬ ሁለት መቶ እተክላለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በባለሙያዎች አሠራር መጀመሪያ ጉዳቱን ማስቀረት፣ ካልተቻለ መቀነስ ይቀድማል፤ መተካት የመጨረሻው ነው። መንገዱን ጥቂት ማጠፍ ወይም ሕንፃውን ወደ ገላጣው ማስጠጋት ችግኝ ከመቁጠር ይሻላል። ከኮምቦልቻ በላይ እንደሚታየው እንደ የጎፍ ባለ ደን ውስጥ ያረጀ ወይራ ወፎችን በፍሬው ይመግባል፤ ወፎቹም ዘሩን ይበትኑለታል። ለጋ ችግኝ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

ነዋሪውም ተመልካች ብቻ አይደለም። አዋጁ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ስለ ካሳው ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ዛፎች እንደሚቀሩ ጠይቁ፤ መልሱም በፕላኑ ላይ ይታይ።