«ወንበሬን ይወስድብኛል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ዴንማርክ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሥልጠና ሲገባ ሥራ አጥ የነበረ ሰው ይተካዋል። የአሠራሩ ስም ጆብሮቴሽን ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ብዥታው ግን ብዙ ነው።

«የሥራ ዝውውር ማለት ነው»

አይደለም። ባንክ ቤት ከካውንተር ወደ ብድር ክፍል መዛወርም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ያ ግን በነባር ሠራተኞች መካከል ነው። እዚህ ቁም ነገሩ ከውጭ የሚገባው ሰው ነው።

«ሥልጠና የሄደ ሰው ወንበሩን ይነጠቃል»

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሆኖም ሠልጣኙ ውሉ አይቋረጥም፤ ደመወዙም እንደወትሮው ይገባለታል። ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጠረው ተተኪው ነው። እሱም ቢሆን በርካሽ አይሠራም፣ የሙያው ደመወዝ ይከፈለዋል።

«አሠሪው ሁለት ደመወዝ ከፍሎ ይከስራል»

መንግሥት ይደጉመዋል። ዴንማርክ ድጎማውን በሰዓት ታሰላለች፤ ሠልጣኙ ትምህርት ላይ፣ ተተኪው ሥራ ላይ የሆኑበት ሰዓት ብቻ ይቆጠራል። ጀርመን ደግሞ በ2002 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ የተተኪውን ደመወዝ ከ50 እስከ 100 በመቶ፣ እስከ 12 ወር ድረስ ትሸፍን ነበር።

«ማንም ሥራ አጥ ማንንም ይተካል»

ዋናው ፈተና እዚህ ላይ ነው። የነርስን ቦታ ፈቃድ የሌለው ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ ተተኪው አስቀድሞ አጭር ሥልጠና ይሰጠዋል። ወይም ደግሞ ነባር ባልደረባ ወደ ከባዱ ሥራ ከፍ ይልና አዲሱ ሰው ቀለል ያለውን ይይዛል። ሥልጠናውን በተራ ማድረግም ያዋጣል። እንበልና አንድ መዋዕለ ሕፃናት 5 ሠራተኞቹን ለ5 ሳምንት ለ5 ሳምንት በየተራ ያሠለጥናል። ያው አንድ ተተኪ ሁሉንም እየሸፈነ 25 ሳምንት ይሠራል። ለወራት ሥራ ፈትቶ ለቆየ ሰው ግማሽ ዓመት የሚጠጋ ልምድ ቀላል አይደለም። በእኔ ግምት እቅዱ የሚሰምረውም የሚበላሸውም ይህ ተራ ሲደለደል ነው፤ ገንዘቡ ሁለተኛ ነው።

«የፊንላንዱም ያው ነው»

ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በ1996 የተጀመረው የፊንላንዱ የረጅም ዕረፍት ፈቃድ በሥራ አጥ መተካትን እንጂ መማርን አያስገድድም ነበር። የፈለገ ይተኛል፣ የፈለገ ይጓዛል። በኋላ ግን 20 ዓመት የሠራ ብቻ፣ ከ100 እስከ 180 ቀን እንዲወስድ ተደረገ። ክፍያውም ከሥራ አጥ አበል 70 በመቶው ነበር። መንግሥት ወጪ ሲቀንስ በኦገስት 2024 ቀረ።