«አስፋልት ከገባ ገበሬው አለፈለት» እና ሌሎች የመንገድ ወሬዎች

ጎጃም ውስጥ ስለ መንገድ ሲወራ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ተናጋሪዎቹ ለገበሬው ክፉ አያስቡም፤ ብዙዎቹ ግን መንገዱን የሚያውቁት ከመኪና መስኮት ነው።

«አስፋልት ከገባ ገበሬው አለፈለት።»

የገበሬው ጣጣ ያለው አስፋልቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ከደጀን በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚዘልቀውን መስመር እንይ። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ ብዙው አፈር ዋልካ። በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ሐምሌ ላይ እግር ይውጣል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ አንዲት አህያ ሳትጎዳ የምትሸከመው የዚያን ግማሽ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። አምስት ኩንታል ጤፍ ገበያ ለማድረስ እንግዲህ አሥር የአህያ ጭነት ሊፈጅ ነው። መሃል ላይ ወንዝ ከሞላ ጭነቱም ነጂውም ማዶ ያድራሉ። ለዚህ ሰው አስፋልቱ በሁለት ሜትር ቢሰፋ ምን ይፈይድለታል? የያዘችው ድልድይ ያልተሠራላት ጅረት ናት።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ጠጠር ማፍሰስና መደልደል ግን ዓይን ይሞላል፤ ቱቦና ድልድይ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ቶሎ የሚቀረው ሁለተኛው ነው፣ መንገዱም የበጋ ብቻ ሆኖ ያርፋል።

«ገበሬ መንገድ የሚፈልገው ምርት ሲሰበስብ ነው።»

ማዳበሪያውስ? በቡሬና በወንበርማ በቆሎ የሚዘራው ዝናቡ ሲገባ ነው፤ ማዳበሪያው የሚያስፈልገውም መንገዱ መጨቅየት በሚጀምርበት በዚያው ሰሞን። ምጥም ወቅት አይመርጥም።

«መሬቴ ይነካብኛል ብሎ መንገድ ይጠላል።»

መንገድ የሚጠላ ገበሬ እስካሁን አላጋጠመኝም። ካሳው በጊዜው አለመድረሱን የሚጠላ ግን ሞልቷል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ ካሳ እንዲከፈል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደንግጓል፤ ጥያቄው መቼ ይከፈላል ነው።

«አህያና ጋሪ ኋላ ቀር ናቸው፣ ዲዛይን ውስጥ አይገቡም።»

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ አገር ናት። ዲዛይኑ ረሳቸውም አልረሳቸው፣ መንገዱ ላይ አሉ።

ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከማሳው ጫፍ እስከ አስፋልቱ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው፤ መሃል ላይ በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ቦይ አለ። አህያ ጭኖ የመጣ አንድ ገበሬ ጭነቱን አወረደ፣ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በጀርባው አሻገረ፣ አህያይቱን ዙሪያ ጥምጥም ነድቶ አመጣና እንደገና ጫነ። ትንሽ ወረድ ብሎ ያሉት ጎረቤቶቹ ብልሃቱን አግኝተዋል፦ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፍነው መሻገሪያ አበጅተዋል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ መውጫ ያጣል፣ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፣ ጠርዙን ይበላዋል። ያኔ «ገበሬው መንገድ አበላሸ» ይባላል። ገና ሲቆፈር «በየት በኩል ትሻገራላችሁ?» ብሎ ጠይቆ አንድ ቱቦ መቅበር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ቦታ በሌለበት አስፋልት ዳር ማታ ማታ መብራት የሌለው ጋሪ ስለሚያመጣው አደጋ አላወራም፤ የሲኖትራክ ሾፌር ያውቀዋል።

«ሚኒባስ ይመላለስ የለ፣ ትራንስፖርትማ አለ።»

አዎ፣ ለሰው አለ። ገበሬ ግን ባዶ እጁን አይሄድም፣ የሚሄደውም ሁሉም በአንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ነው። በሌላው ቀን ባዶ ወንበር ይዞ የሚሄደው ሚኒባስ ያን ዕለት አፉ ድረስ ይሞላል። አንዲት እናት በርበሬያቸውን ጣሪያ ላይ ሲያስጭኑ ረዳቱ «እማማ፣ ጆንያዋም የሰው ሂሳብ ትከፍላለች» ሲላቸው ሰምቻለሁ። ከፈሉ። መናኸሪያው ከገበያው ርቆ ከከተማው ጫፍ ስለተሠራ፣ ከወረዱ በኋላ ለባጃጅም ከፈሉ። በርበሬው ገና አልተሸጠም።